ሃያ ድረስ መቁጠር

ኦውሉ፣ ሰሜን ፊንላንድ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት።
የጥር ሰማይ ጥቁር ነው፣ አይነጋም እስከ አራት።
ሁለት መቶ ካፖርት፣ አራት መቶ ጫማ፣
በረዶው ሲቀልጥ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማ።
ሌላ ድምፅ የለም።

እኔ ከሰሌዳው ሥር ጠመኔዬን ይዤ፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባንድ ልማድ ተይዤ፣
«ጨው በረዶን» እላለሁ፣ «ለምን ያቀልጣል?»
ዓይን ሁሉ ወደ ታች፣ ደብተር ውስጥ ይሰምጣል።
መልሱን ራሴው ቶሎ እመልሰዋለሁ፤
የገዛ ጥያቄዬን ሰርቄ እሮጣለሁ።

አንድ ቀን ቬይኮ መጣ፣ የፊዚክስ መምህር፣
ከኋላ ተቀምጦ በሰዓቱ ሲቆጥር።
ሲወጣ አንድ ብጣሽ ወረቀት ሰጠኝ፤
«አንድ ሰከንድ ተኩል» ይላል። ምኑ? አልኩኝ።
«መልስ የጠበቅሽበት» አለ፣ ኮቱን እየቆለፈ።
አንድ ሰከንድ ተኩል!
በዚህ ጊዜ ሰው አፍንጫውን እንኳ አይጠርግም።

«ዝምታ ወርቅ ነው» ይባላል እኛም አገር፤
አባቴ ያሳደገኝ በዚችው ነገር።
እውነቱን ይሆናል። ግን እኔ ኬሚስት ነኝ፣
የወርቅን ጠባይ ማንም አይነግረኝ፦
ካየር አይዋሃድ፣ ከውሃ አይዋሃድ፣
አንድ አሲድ ለብቻው አይችልም ሊደፍረው፤
ሁለት ተቀላቅለው ሲመጡበት ነው
እጁን የሚሰጠው።

ዛሬ ጠየቅሁና ጠመኔውን አስቀመጥሁ፣
እጄን ኪሴ ከተትሁ።
አንድ። ሁለት።
ሦስት ላይ ጉሮሮዬ ደረቀ።
ስድስት ላይ የሆነ እርሳስ ከላይ ወደቀ፣
ደረጃ በደረጃ ተንከባለለ፣ እግሬ ሥር ደርሶ ቆመ።
ማንም የኔ ነው አላለም።
ዘጠኝ ላይ መልሱ ምላሴ ጫፍ ነበር፤ ነከስሁት።
አሥራ አንድ ላይ ማሞቂያው ሲያጉረመርም ሰማሁት፤
ዘጠኝ ዓመት እዚህ ቆሜ
ማጉረምረሙን አላውቅም ነበር።
አሥራ አራት።
«ለጎረቤታችሁ ንገሩ» አልሁ። «ለኔ አይደለም፣
ለሱ፣ ለሷ። ስሕተትም ይሁን።»

መጀመሪያ ምንም።
ከዚያ ውሃ ሊፈላ ሲል ከሥሩ እንደሚያሰማው፣
እዚህ አንዲት፣ እዚያ ሁለት፣
ከዚያ አዳራሹ በሙሉ።

ከበሩ አጠገብ፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣
አንድ እጅ ተነሣ፤ እጅም አይባል፣
እስከ ጆሮ የደረሰ ጣት ነው።
አርኒ። ከመስከረም ጀምሮ ድምፁን አልሰማሁም።
«አባቴ…» አለ፤ ፊቱ ቀላ፤ ደግሞ ጀመረ።
«አባቴ የመንገድ መኪና ይነዳል፣ ሌሊት ጨው ይበትናል።
ግን ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ሲገባ
ጨዉን ትቶ ጠጠር ይጭናል። ጨው ያኔ ዋጋ የለውም ይላል።
እና… ጥያቄው ራሱ ትንሽ አልተሳሳተም?»

ተሳስቷል።
ዘጠኝ ዓመት «ያቀልጣል» ስል፣
«መቼ?» ብዬ አላውቅም።
ሰሌዳው ላይ ዞሬ «ሁልጊዜ አይደለም» ብዬ ጻፍሁ፤
እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ከኀፍረት ይሁን ከደስታ እንጃ።

«ባሕሩስ?» አለች ታይሚ ከአምስተኛው ረድፍ፣
ሳትጠራ፣ እጅ ሳታነሣ፣
«ጨዋማ ከሆነ ለምን ረግቶ እንሄድበታለን?»
«የኛ ባሕር ምን ጨው አለው!» አለ አንድ ጎረምሳ፣
«የወንዝ ዓሣ ነው የምናጠምድበት።»
«ታዲያ ስንት ጨው ነው የሚበቃው?»
ይሄኛው ከየት እንደመጣ አላየሁም።
ለመልሱ ያዘጋጀሁት ሥዕል ገና ሦስት ገጽ ይቀረው ነበር፤
ሳንደርስበት ሰዓቱ አለቀ።

ሲወጡ መስኮቱ ሰማያዊ ሆኗል።
እርሳሱን አነሣሁት፤ ጫፉ በጥርስ ተነክሷል፣
ጠረጴዛው ላይ ተውሁት፤ ባለቤቱ ይምጣ።

ሐሙስ ተመልሼ ጠየቅሁ።
ዝም አሉ።
እጄን ኪሴ ከትቼ ቆጠርሁ፤
አሥራ ዘጠኝ ላይ ደርሻለሁ።